ነጭ ጃኬት ያውለበለበው ሰው

ኦገስት 3፣ ከመርከቧ ላይ

ይድረስ ለእትዬ ቦላታ፣

እንዴት ከርመሻል? ሆድሽስ? ሥጋ አላችሁ ወይ? ባልሽ ያኩ አሁንም ከአንቺ ከእርጉዟ ብሶ ወገቤን ወገቤን ይላል? እኔ ደህና ነኝ። ወፍሬያለሁም። ሌላ ሰው ነግሮሽ ከምትስቂብኝ ብዬ ራሴ ነገርኩሽ።

«ድብ የማትገድል ከሆነ ጠመንጃው ምን ሊያደርግልህ ነው?» ላልሽው መልሱ ይኸውልሽ። ሥራዬ ሰውን ከድብ መጠበቅ ነው፤ ይበልጡን ግን ድብን ከሰው። ጎብኚ እንግዶቻችን ወደ ባህሩ ዳርቻ ከመውረዳቸው በፊት ቀድሜ ወርጄ ኮረብታው ላይ እቆማለሁ። ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ ካየሁ ማንም አይወርድም፤ የወረደውም ይመለሳል። እዚህ ድብ የተኮሰ ጠባቂ ሙያ የሌለው ነው። ጥይቱን እንደያዘ የሚመለሰው ነው የሚመሰገነው። ያኩ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ አትጻፊልኝ።

ሰዎቹን ብታያቸው ታዝኚላቸዋለሽ፣ ትስቂባቸዋለሽም። ጫማቸውን ሲወርዱ ያጥባሉ፣ ሲወጡም ያጥባሉ። ከሌላ አገር የመጣ የሣር ዘር እኛ መሬት ላይ እንዳይበቅል ነው አሉ። የኪሳቸውን ስፌት ሳይቀር ይጎረጉራሉ። ትናንት አንዲት አሮጊት ካልሲዋ ውስጥ አንዲት ዘር አግኝታ ሰው የገደለች ያህል አለቀሰች። ያኩ በደም ጫማው አልጋ ላይ ሲወጣ ብታየው ምን ልትሆን ነው አልኩ በሆዴ። እነዚያ ጥርሰ ረጃጅሞቹ የባሕር እንስሳት፣ ዋልረሶች ጋ ስንደርስ ሞተር አጥፍተን በሹክሹክታ ነው የምናወራው፤ እነሱ ግን እርስ በርስ ሲሳደቡ ይውላሉ።

አትናቂን እንጂ፣ እትዬ። ወፍ ለማስነሳት ጥሩምባ የሚነፉት መርከቦች ድሮ ቀሩ። እውነቴን ነው፣ በዚህ ሥራ እኮራለሁ። ለያኩ ንገሪው፣ ስምምነቱንም እየጠበቅን ነው። ባለፈው ዓመት በጨለማው ወራት የሰፈሩ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ እየደበደበ ያስፈረመንን ማለቴ ነው። አዳኝ ከዳርቻ ነጭ የአደን ልብሱን አውልቆ ካውለበለበ «ቀንዳሞቹ ዓሣ ነባሪዎች ገብተዋል፣ የሞተርህ ድምፅ ያሸሽብኛል፣ ተመለስ» ማለት ነው፤ መርከቡም ያለ ጥያቄ ይመለሳል። ያን ማታ ለሁለቱም ወገን ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ አሁን በራሴ እጅ ጽፌ ካፒቴኑ ፊት ለፊት ለጥፌዋለሁ። የጉዞ መሪያችን ሲግሩን ከሕጎቻችን ሁሉ ይኼኛውን እንደምትወደው ትናገራለች፤ የአገሬው ሰው ያወጣው ነውና። ያኩ ግን አሁንም የመርከብ ቡችላ እያለ ይጠራኛል አይደል?

ለእማዬ ከረሜላ ልኬለታለሁ። እናቴ የሦስት ዓመት ልጅ ነው ብዬ ለሲግሩን ስነግራት ግራ ገባት። እናታችን ስትሞት ሕፃን እስኪወርሰው ድረስ ስሟን ማንም ሳይጠራው መክረሙን፣ ኋላ የጎረቤታችን የሶፊ የልጅ ልጅ ሲወለድ ስሟን ይዞ እናታችን መመለሷን አስረዳኋት። «ወንድ ነው እኮ» አለችኝ። «ታዲያስ?» አልኳት። ሕፃኑ ገና ሳይወለድ የእናታችንን ስም አምልጦኝ የጠራሁት ቀን በጥፊ ያጮልሽኝን ግን አልነገርኳትም።

ወንድምሽ ፓቪያ


ኦገስት 12፣ ከቤት

አንተ ወፍራም ልጅ፣

ሰላምታህ ደርሶኛል። ሆዴ ደህና ነው፣ እየረገጠኝ ነው። ሶፊ በየማታው እጇን አስቀምጣ ታዳምጠውና በኖቬምበር አጋማሽ ነው የሚመጣው ትላለች። አዋላጅ ናትና አልከራከራትም።

ከረሜላው ደርሷል። እማዬ ለማንም ሳያካፍል ጨረሰው፤ በሕይወት ሳለችም ስስታም ነበረች። አሁን ደግሞ ቆሞ መሽናት ተምሮ የእኔን በር ነው የመረጠው። ምን ላደርግ? እናቴን አልመታ።

«ሥጋ አላችሁ ወይ?» ላልከው፣ የለንም። ልዋሽህ አልፈልግም። ድቡ ሌሊት መጥቶ የሶፊን የሥጋ ቤት ገንጥሎ ገባ፤ የእኛንም የእሷንም ተንጠልጥሎ የነበረውን በላው። የአንተ ዘመድ ነው፣ ጠብቀህ ያሳደግከው። ስለዚህ ያኩ ነገ ይወጣል። የአደን ጓደኛው ክንዱ አብጦ አብሮት አይሄድም፤ ብቻውን ነው። እንደ ልማዱ ወደ ወፎቹ ገደል ነው የምሄደው ብሏል። ሁለት ሳምንት፣ ወይም ዓሣ ነባሪ እስኪያገኝ። ሆዴን እያየ ነው የተነሳው፤ ከወለድኩ በኋላ የምበላው ማታክ፣ የዓሣ ነባሪ ቆዳው፣ ቤት ውስጥ ሳይኖር ልጅ አይወለድም ይላል። እንደ እሱ ማታክ የሚወድ ሰው መቼም አላየሁም፤ ለእኔ ነው እያለ ራሱ ነው የሚጨርሰው።

ትስቃለህ እንጂ የነጭ ጃኬቱን ግራ እጅጌ ውሾቹ በሉት። ነጭ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ጠፋ። ከአሮጌው ድንኳን ሰማያዊውን ቆርጬ ሰፋሁበት። «አንድ ክንፉን የቀቡት ወፍ አስመሰልሽኝ፣ በዚህ ልብስ የትኛው ዓሣ ነባሪ ነው የሚያከብረኝ?» ብሎ ተቆጣ። ዓሣ ነባሪ ሰማያዊ አያይም ብዬ ዋሸሁት። አምኖኝ ነው መሰል አጥልቆት ዋለ።

ለአንተ መልእክት አለው፤ እንዳለው እጽፍልሃለሁ፦ «ለመርከብ ቡችላው ንገሪው፣ እጄን ካነሳሁ ጭራውን ቆልፎ ይመለስ።»

ጉሙ ስላልተነሳ ፖስታ የሚያመላልሰው ሄሊኮፕተር ከመጣ ቆይቷል። ይህ ደብዳቤ ሳይደርስህ መርከብህ ይሄድ ይሆናል፤ ቢሄድም ተከትሎህ ይምጣ።

እህትህ ቦላታ


ኦገስት 26፣ ወደ አይስላንድ ስንሻገር

እትዬ፣

ከአንቺ ምንም ሳይደርሰኝ ነው የወጣነው። ጉሙ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የባለፈው ወር ጥያቄሽ ግን አልተረሳኝም፦ «እንግዶቹ የሚፈልጉትን ሳያዩ ሲቀሩ አይቆጡህም?» ብለሽኝ ነበር። ይቆጣሉ። አሁን የምነግርሽን ስሚና ግን ፍረጂ። አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል።

በሰርጡ ውስጥ የመጨረሻ ቀናችን ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ቀንዳሙን ዓሣ ነባሪ ታያላችሁ እየተባሉ አንድም አላዩም፤ ያኮረፉም ነበሩ። ቀይ ድንጋይ ወደሚባለው ዳርቻ ስንጠጋ ከዳርቻው አንድ ሰው ነጭ ልብስ ሲያውለበልብ በመነጽር አየሁ። ካፒቴኑ ጠጋ ብለን እንጠይቀው አለ። አይሆንም አልኩት። የለጠፍኩትን በጣቴ አሳየሁት። ያለ ጥያቄ ነው የሚለው፣ ልንጠይቀው ብንጠጋ እኮ ያኔውኑ ዓሣ ነባሪዎቹን አባረርንበት ማለት ነው፣ ይህ ሰው ልጆቹን የሚያበላበትን ቀን በእኛ ፎቶ ምክንያት ልናጠፋበት ነው ወይ አልኩት። ሲግሩን ከእኔ ጋር ቆመች። ካፒቴኑም መሪውን አዞረ።

እንግዶቹ ሁሉ ወጥተው ያዩ ነበር። በድምፅ ማጉያው ነገርኳቸው፤ ምልክቱ ምን ማለት እንደሆነ፣ ማን እንዳወጣው፣ ለምን ዛሬ ዓሣ ነባሪ ሳናይ እንደምንመለስ። ሰውየው ስንዞር ጊዜ የባሰ ያውለበልብ ጀመር። ቸኩሏል፣ ቀርበውታል ማለት ነው አልኳቸው። ከዚያ መዞራችንን ሲያረጋግጥ ልብሱን መሬት አስቀምጦ ቁጭ አለ። «አያችሁ፣ አመሰገነን» አልኩ። አጨበጨቡ፣ እትዬ! ያኮረፉት ሳይቀሩ። አንድ ሽማግሌ በእንባ እጄን ጨብጦ በሕይወቴ ካየሁት እንስሳ ሁሉ ዛሬ ያላየሁት ይበልጥብኛል አለኝ።

ማን እንደሆነ አልለየሁትም፤ ከርቀቱ የተነሳ ጣት ያህል ነበር። ከደቡቡ ሰፈር የመጣ መሰለኝ። ያኩማ ከወፎቹ ገደል ሌላ ቦታ የማያውቅ ሰው ነው። ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ ይበለኝ።

ከዚህ ወዲያ ወደ ኖርዌይ ዳርቻ ነው የምንሄደው። አድራሻውን ከጀርባው ጽፌዋለሁ።

ፓቪያ


ሴፕቴምበር 10፣ ከቤት

ለወንድሜ ለፓቪያ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ደጋግሜ አነበብኩት። ጮክ ብዬም አነበብኩት።

ሆዴ ደህና ነው። ሶፊ እኔ ዘንድ ነው የምታድረው፤ አይዞህ፣ ለእሷም ብቻዋን ከምታድር ብዬ ነው። ቶሎ ስላልመለስኩልህ አትቀየመኝ። እጄ አልታዘዝ እያለኝ ነው፤ ወራቱ እየገፋ ሲሄድ እጅ ያብጣል።

ሥጋው ምን ሆነ ብለህ እንዳታስብ። የሰፈሩ ሰው እያካፈለን ነው። ውሾቹን ለሶፊ ልጅ ሰጥቻቸዋለሁ። ብዙ ይበላሉ፤ ደግሞም ሲያላዝኑ እንቅልፍ ይነሱኛል።

ስለዚያ ስለ ጻፍክልኝ ነገር ልጠይቅህ። ጀልባ አይታችኋል? ሰውየው ቆሞ ነው ያውለበለበው ወይስ ተንበርክኮ? ረጅም ጊዜ አውለበለበ? ሲቀመጥ ፊቱ ወደ ባህሩ ነበር ወይስ ወደ ተራራው? ሳቅብኝ ከፈለግክ። እርጉዝ ሴት ያምራታል፤ እኔን የጎረቤት ሥጋ ሳይሆን ወሬ ነው ያማረኝ።

መርከቢቱ ያ የብርቱካን ቀለም መስመር አሁንም አላት? ከሩቅ ትለያለች?

ሌላ ሌላውን ሆድ ይፍጀው። ደህና ልብስ ልበስ። እዚያም ብርድ ነው ይባላል።

ቦላታ


ሴፕቴምበር 25፣ ከኖርዌይ ዳርቻ

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ አንቺን አንቺን አልሸት አለኝ። ስድብ የለው፣ ቀልድ የለው። ታመሻል እንዴ?

የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ጀልባ አላየንም፤ ሰው እንደሚያደርገው ከድንጋይ ጀርባ ሸጉጦታል ብለን ነው። መጀመሪያ በአንድ ጉልበቱ ነበር፤ ኋላ ተነስቶ ድንጋዩን ተደግፎ ቆመ። ረጅም ጊዜ አውለብልቧል፤ ክንዱ አይዝልም ወይ ብዬ አድንቄው ነበር። ሲቀመጥ ፊቱ ወደ እኛ ነበር። ከዓይናችን እስኪጠፋ እንደዚያው ነበር። መስመሯ እንዳለ ነው፤ በሰርጡ ዳር ያለ ሰው ሁሉ የፓቪያ መርከብ እያለ ነው የሚጠራት። ሌላ ምን ልንገርሽ?

አንድ ነገር አለ እንጂ። ያን ቀን አንዲት እንግዳ በካሜራዋ ትልቅ መነጽር ፎቶ አንስታው ኖሯል። አሳጥባ በፖስታ ላከችልን። ሲግሩን በትልቁ አሠርታ የምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰቅላዋለች፤ ከሥሩም «ያላየነውን ያከበርንበት ቀን» የሚል ጽፋለች። አዲስ እንግዶች ሲመጡ አስጠግታ ታስረዳቸዋለች። አንድ ለአንቺ ላስደርግልሽ?

አሁን ደግሞ የእኔ ተራ ነው። ያኩ ውሾቹን ለሰው ሰጠ? ያኩ? አንቺን ይሰጣል እንጂ ውሾቹን አይሰጥም። ተጣልታችኋል? ጠጥቶ ነው? ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አገላበጥኩት፤ ስሙ የለም። አንድ ቦታ እንኳ የለም። ያኩ እንዲህ አለ፣ ያኩ እንዲያ ሆነ ሳትዪ አንድ ገጽ ሞልተሽ አታውቂም። የሥራው ጓደኞቼ አትጨነቅ፣ እርጉዝ ሴት ባሏን ያስጠላታል ይሉኛል። እኔም እንደዚያ እያልኩ ራሴን እያታለልኩ ነው።

አስጠልቶሽ ከሆነ ስደቢው፤ ግን በስሙ ስደቢው።

ፓቪያ


ኦክቶበር 4

እትዬ ቦላታ፣

የኦገስት 12 ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ። እንዳልሽው ተከትሎኝ መጣ።

አንብቤ ስጨርስ ወደ ምግብ አዳራሹ ሄድኩ። እንግዶቹ እራት ላይ ነበሩ። በመካከላቸው አልፌ ፎቶውን አወረድኩት። አንዱ ምን ሆነህ ነው አለኝ፤ ማን እንደሆነ አላስታውስም። ወደ ክፍሌ ወስጄ መብራት ሥር ዘረጋሁት።

የግራው እጅጌ ሰማያዊ ነው።

ምናልባት ሌላም ሰው እንዲህ ያለ ልብስ አለው። ምናልባት ሌላም ሚስት ነጭ ጨርቅ ጠፍቶባት ይሆናል። እግርሽ ሥር ወድቄ እለምንሻለሁ፣ ስሙን ጻፊልኝ። ሌላ ምንም አትጻፊ። ያኩ ብቻ ብለሽ ጻፊና ላኪልኝ።

ፓቪያ


ኦክቶበር 18

ፓቪያ፣

ፎቶውን አትላክልኝ።

የለመንከኝን ልጽፈው አልችልም። ለምን እንደማልችል ታውቃለህ። አንዴ በጥፊ መትቼህ ነው ያወቅከው፤ ምነው ያን ቀን እጄን በሰበረው ኖሮ።

ከአንተ ልደብቀው ፈልጌ ነበር። እስክወልድ ድረስ ብዬ። ከዚያ ወዲያም እስክትመጣ ብዬ፤ ከዚያ ወዲያም አላውቅም። አንተን ያሳደግኩህ በዚህ ክንዴ ነው። ምን ብዬ እንደምጽፍልህ ሳስብ ነው ወሩ ያለቀው።

ብላ። ውሃ ጠጣ። አሁን ሌላ መጻፍ አልችልም።

ቦላታ


ኖቬምበር 1

እትዬ፣

መርከቢቱን ትቻታለሁ። አንድ የወደብ ከተማ ውስጥ ክፍል ይዣለሁ። ሲግሩን ሁለቴ መጣች፤ አልከፈትኩላትም። በሩን ተደግፋ ስታለቅስ ሰማኋት። እሷ ምን አጠፋች? ፎቶውን የሰቀለችው እኔን ብላ ነው።

ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። እኔ ግን በመነጽር ነው ያየሁት። ካፒቴኑ እንጠጋ ብሎኝ ነበር፣ እትዬ። ስለ አገራችን አንዲት ነገር የማያውቀው ሰውዬ እንጠጋ አለ። እኔ አዋቂው ነኝ ያስመለስኩት። እንደ ካፒቴኑ ደንቆሮ ብሆን ኖሮ ዛሬ ከባልሽ ጋር እየሳቅኩ ነበር። ሰዎቹ ሲያጨበጭቡልኝ እሱ ያይ ነበር? ጭብጨባ በውሃ ላይ ሩቅ ይሰማል።

ሁሉንም ንገሪኝ። ቁርጡን ነው የምፈልገው። እንዴት አገኛችሁት? እኔ መርከቧ ላይ መሆኔን ያውቅ ነበር? ረግሞኝ ይሆን? ነጩ ልብስ የት ነበር? ለገና ልምጣ ወይስ ፊቴን ማየት አትፈልጊም? ባሕሩ ከመስኮቴ ሥር ነው፤ አንዳንዴ ሳየው ይቀርበኛል። ይህን ለአንቺ መጻፍ አልነበረብኝም።

ፓቪያ


ኖቬምበር 21፣ ከቤት

ለወንድሜ ለፓቪያ፣

መስኮቱን ዝጋና ይህን አንብብ። ከባሕሩ ዞረህ ተቀመጥ። አንድ ከእኔ ወስዷል፤ ሁለተኛ አልሰጠውም።

ቁርጡን ንገሪኝ ብለሃልና ልንገርህ። ወንዶቹ በወፎቹ ገደል ስንት ጊዜ ፈለጉት። እዚያ ዓሣ ነባሪ አጥቶ መሰለኝ ወደ ቀይ ድንጋይ ተሻግሯል፤ ያን ማንም አላወቀም። የአንተ ደብዳቤ ሲመጣ ሶፊ ፊት ከፍቼ አነበብኩት። ወንዶቹን ጠርታ ደግሜ እንዳነብላቸው አደረገችኝ። በዚያው ሰዓት ጀልባ አስነሱ። ስለዚህ ያገኘኸው አንተ ነህ። ባትጽፍልኝ ኖሮ ቀበሮ ነበር የሚያገኘው። ይህን ለማጽናኛ አልጻፍኩልህም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ጀልባውን በረዶ ጨፍልቆታል። ጠመንጃውና የሬዲዮ መገናኛው አብረው ሰጥመዋል። ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ነበር። መቅዘፊያውን አንድዶ ሞቋል። ድንጋዩን ተደግፎ እንደተቀመጠ አገኙት፤ በሹራብ ብቻ።

ልብሱ የት ነበር አልከኝ። ከእሱ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በሥርዓት ታጥፎ፣ ከላዩ ትልልቅ ድንጋይ ተጭኖበት ነበር። ወንዶቹ ብርድ ሲያሸንፈው ሰው ልብሱን ያወልቃል፣ ሙቀት ይመስለዋል አሉኝ። እኔም አዎ አልኳቸው። ግን አውልቆ የሚጥል ሰው አጥፎ ድንጋይ አይጭንበትም። ብዙ አሰብኩበት፣ ኋላ ገባኝ። ሌላ መርከብ ቢመጣ ያ ነጭ ነገር በነፋስ ተነስቶ እንዳያስመልስበት ነው። ለመሞቅ ቢለብሰውም ከሩቅ ሲንቀሳቀስ ያዩታል፣ ይዞራሉ ብሎ ፈራ። ምልክቱን ራሱ አውጥቶት የለ? ጠረጴዛ እየደበደበ። ሌላ መርከብም አልመጣም።

ረግሞኝ ይሆን አልክ። አላውቅም። መርከቢቱ የማን እንደሆነች ግን ያውቅ ነበር። መጀመሪያ ሲያያት ፓቪያ መጣልኝ ብሎ ነው የተነሳው፤ በተሰበረ እግሩ የቆመው ለዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ ያሰበውን እግዜር ነው የሚያውቀው። እኔ በየሌሊቱ እዚያ ድንጋይ ላይ አጠገቡ ተቀምጬ መርከቢቱ ስትዞር አያለሁ።

ስምምነቱን ማንም አልቀደደውም። አዳራሹ ተሰብስቦ ስህተቱን ፈለገ፤ አጣ። አንተ ቃልህን ጠበቅክ። ካፒቴኑ ሰማህ። እንግዶቹ ደስ አላቸው። እሱም ትክክል ነበር፣ ዓሣ ነባሪዎቹ እውነትም ይሸሻሉ። የምጣላው ሰው አጣሁ፣ ፓቪያ። አንድ ክፉ ሰው በመካከላችሁ ቢኖር ቀኑን እሱን እየሰደብኩ አሳልፈው ነበር።

አሁን ሌላውን ልንገርህ። ሐሙስ ወለድኩ። ሴት ናት። ስሟ ያኩ ነው።

ይኸው ጻፍኩልህ። ያኩ። ሶፊ እትብቷን ቆርጣ ስሙን በጆሮዋ ስትጠራላት ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ ያኩ፣ እንዴት ነህ፣ እግርህ ተሻለህ ይላታል። ጓደኛው ያን ጊዜ አብጦ የነበረ ክንዱን ይዞ መጥቶ አብሬህ ባለመሄዴ ይቅር በለኝ አላት፤ አዛጋችበት። እማዬም መጥቶ አያት፤ አማቹ መሆኗን ነግረነው ከረሜላ አፏ ውስጥ ሊከት ነበር። እኔ ባሌን አጠባለሁ። ሌሊት ሲጮህብኝ ስሙን እየጠራሁ እሰድበዋለሁ። እንዲህ ብዬም ይወጣልኛል ብዬ ነበር፤ አልወጣልኝም። ባዶ ጎን ያለው አልጋ አሁንም ባዶ ነው።

ለገና ልምጣ ወይ ብለሃል። አትምጣ። ጠልቼህ አይደለም፤ ብጠላህ ይቀልልኝ ነበር።

ያኩ ስትነቃ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ታነሳለች። ሕፃን ሁሉ እንዲህ ነው ትላለች ሶፊ። እኔ ግን እጄ ደምም ስብም ውስጥ ቢሆን የያዝኩትን ጥዬ እሮጣለሁ። አንድ ቀን አንተም በሬ ላይ ትቆማለህ፣ እሷም አይታህ እጇን ታነሳለች። ልቅረብ ወይስ ልመለስ ብለህ ስታመነታ ላይህ አልችልም። ሳታስብ እግርህ የሚሮጥልህ ጊዜ ሲመጣ ጻፍልኝ። እስከዚያ እዚያው ሁን፣ ብላ፣ በሕይወት ቆየኝ።

እህትህ ቦላታ